አንድ ዶሮ ለትንሽ ቤተሰብ

ዶሮ በሀበሻ ወጥ ቤት 12 ብልት ሆኖ ይወጣል። ይህ አቆራረጥ ለብዙ ሰው የታሰበ ነው። ሥጋው ከአጥንቱ ሳይለይ ስለሚበለት ለእያንዳንዱ ተመጋቢ አንዳንድ ብልት ይደርሰዋል፤ ብልቱ ላይ እንቁላል ይታከልበታል፤ ከሥጋው በክብደት የሚበልጥ ሽንኩርት ለሰዓታት ተቁላልቶ ወጡን ያበዛዋል። የዶሮ ወጥ የበዓል ምግብ ስለሆነ እንደ ቅንጦት ይታያል እንጂ አሠራሩን ላስተዋለ ሰው ጥቂት ሥጋን ለብዙ አፍ የማዳረስ ዘዴ ነው። ገበታው ላይ ሰውን የሚያጠግበው እንጀራውና ቁሌቱ ነው፤ ሥጋው ጣዕሙንና ክብሩን ይሰጣል።

ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ በሚኖርበት ቤት ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ሥጋው ለሰዎቹ ይበቃል፣ ይተርፋልም፤ የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። ሙሉው ዶሮ በአንድ ድስት ከተሠራ ያው ወጥ ለእሑድ ምሳ፣ ለእሑድ እራት፣ ለሰኞና ለማክሰኞ ይቀርባል። በየቀኑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ሥጋው ይደርቃል፣ በላተኛውም ይሰለቻል፤ ረቡዕ ሲገባና ቤቱ ጿሚ ከሆነ የተረፈው አንድም ይደፋል፣ አንድም ለጎረቤት ይሄዳል። ስለዚህ ትንሽ ቤት ዶሮውን መበለት ያለበት ለሰው ሳይሆን ለቀን ነው። የትኛው ብልት ለየትኛው ቀን እንደሚሆን የሚወሰነውም ድስቱ ሳይጣድ፣ ሥጋው ገና መክተፊያው ላይ እያለ ነው።

ለዚህ ዓላማ ሁሉም ዶሮ እኩል አይደለም። የሀበሻ ዶሮ እየጫረ ያደገና ወራት የቆጠረ በመሆኑ ሥጋው ጥብቅ፣ ጣዕሙም የጎላ ነው፤ ታርዶና ጸድቶ ሲመዘን ግን ብዙ ጊዜ ከ1 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ለሥጋ ተብሎ የሚረባው የፈረንጅ ዶሮ በተቃራኒው 6 ሳምንት ገደማ ሲሞላው ይታረዳል፤ ጸድቶ ከ1.2 እስከ 1.8 ኪሎ ይመዝናል፤ ፈረሰኛው ሰፊ፣ ሥጋው ለስላሳ ነው፤ ጅማቱ ገና ስላልጠነከረ ቶሎ ይበስላል። በሁለቱ መካከል ብዙ ሰው የሚንቀው ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ እንቁላል መጣል ያቆመች አሮጊት ዶሮ። ለጥብስ አትሆንም፣ ጥርስ ትፈትናለች። ለመረቅና ረጅም ሰዓት ለሚበስል ወጥ ግን ከሁለቱም ትበልጣለች፤ በዋጋም ብዙ ጊዜ ትረክሳለች። ዶሮውን ለአራትና ለአምስት ማዕድ የማከፋፈል ሐሳብ ያለው ቤት የፈረንጁን ዶሮ ቢመርጥ ሥጋ ያተርፋል፤ አንድ ጥሩ ወጥና አንድ ድስት መረቅ የሚበቃው ደግሞ የሀበሻውን ወይም አሮጊቷን ይዞ አይከስርም።

ክብደቱ ሁሉ ሥጋ አለመሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ከብዙ ቅሬታ ያድናል። 1.4 ኪሎ የሚመዝን የጸዳ የፈረንጅ ዶሮ ሲበለት ፈረሰኛው የክብደቱን ሲሶ ሊጠጋ ይችላል፤ ሁለቱ ታፋዎች ከነቅልጥማቸው ሌላ ሲሶ ገደማ ይይዛሉ፤ የቀረውን ክንፎቹ፣ ጀርባውና አንገቱ ይካፈሉታል። በስሎና ከአጥንቱ ተለይቶ ሲመዘን የሚገኘው ንጹሕ ሥጋ 600 ግራም ያህል ነው። ቀሪው አጥንት፣ ቆዳና ሲበስል የሚወጣ ውሃ ነው። 600 ግራም ሥጋ በአንድ ቁጭታ ለሁለት ሰው በጣም ብዙ ነው፤ ለአምስት ማዕድ ሲከፈል ግን ለእያንዳንዱ 120 ግራም ይደርሳል፤ ይህም ከእንጀራ፣ ከሩዝ ወይም ከማካሮኒ ጋር ለሁለት ሰው የሚያሳፍር አይደለም።

ዶሮው ቤት የሚታረድ ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ከላባው ነው። በጣም በሞቀ ውሃ ከተነከረ ላባው በቀላሉ ይነጫል፤ ውሃው እየፈላ ከሆነና ዶሮው ውስጡ ከቆየ ግን ቆዳው መብሰል ይጀምርና እየተቀደደ ያስቸግራል። የቀረው ጥቃቅን ላባ በእሳት ይለበለባል። ሆድ ዕቃው ሲወጣ ጉበቱ ላይ የተለጠፈችው አረንጓዴ ሐሞት እንዳትፈርጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የነካችውን ሥጋ ሁሉ ታመራለች። ጨጓራው በቢላዋ ተሰንጥቆ ጠጠሩ ይወገዳል፣ ውስጡን የሸፈነው ቢጫ ሽፋንም ይላጣል።

ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ በሀገራችን የባለሙያነት መለኪያ ነው። ለቤት ለታረደ ዶሮ የማጠቡ ነገር አያከራክርም፤ ደምና ላባ አለበት። ታሽጎ የተገዛ የጸዳ ዶሮ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጥሬ ዶሮ ላይ የሚገኙት ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉ ባክቴሪያዎች በሎሚ ተጠርገው አይጠፉም፤ የሚገድላቸው እሳት ነው። በቧንቧ ሥር የሚታጠብ ዶሮ የሚረጨው ውሃ ደግሞ ባክቴሪያውን ወደ ሰላጣው፣ ወደ ብርጭቆውና ወደ መክተፊያው ያደርሳል። የምግብ ደኅንነት ተቋማት ጥሬ ዶሮ አይታጠብ የሚሉት ለዚህ ነው። ያለ ሎሚና ጨው ወጥ አይሆንም የሚል ቤት ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በቀስታ ይዘፍዝፈው፣ ውሃውን ሳይረጭ ይድፋ፣ ከዚያም ሳህኑን፣ ገንዳውንና እጁን በሳሙና በደንብ ይጠብ። ሎሚው ለጣዕሙና ለሽታው ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ ሊታመን አይገባም።

አበላለቱ ጉልበት ሳይሆን መገጣጠሚያ ማግኘት ይጠይቃል። አጥንት ላይ የሚያርፍ ቢላዋ ይደንዛል፣ የአጥንት ስባሪም ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ዶሮው በጀርባው ተንጋሎ ታፋው ወደ ውጭ ሲለጠጥ በታፋውና በገላው መካከል ያለው ቆዳ ይወጠራል፤ እዚያ ይቀደዳል። ከዚያ ታፋው ወደ ኋላ ሲጠመዘዝ የዳሌው መገጣጠሚያ ከጉድጓዱ ይወጣል፤ ቢላዋው በዚያ ክፍተት ያልፋል። ታፋውና ቅልጥሙ የሚለያዩበት ቦታ ቀጭን ነጭ የስብ መስመር ይታያል፤ መገጣጠሚያው በትክክል ከሥሩ ነው። ክንፉም በዚሁ መንገድ ይወጣል። በመጨረሻ ፈረሰኛው መሐል ላይ ያለውን አጥንት ተከትሎ ቢላዋው ከጎን ወደ ታች ሲንሸራተት ሥጋው በሁለት ንጹሕ ቁራጭ ይነሳል። የቀረው የደረት አጥንት፣ ጀርባና አንገት ብዙ ሰው እንደ ትርፍ የሚያየው ነው። ለትንሽ ቤት ግን የዶሮው ግማሽ ጥቅም እዚህ አለ።

ብልቶቹ የሚለያዩት በመልክ ብቻ አይደለም። ዶሮ ቀኑን ሙሉ ይቆማል፣ ይራመዳል፣ ይጭራል እንጂ እምብዛም አይበርም። በዚህ ምክንያት የእግሩ ጡንቻ ኦክስጅን የሚያከማች ቀይ ቀለም፣ ስብና ብዙ ተያያዥ ጅማት አለው፤ ፈረሰኛው ግን ነጭ፣ ስብ የሌለውና ጅማቱ ያነሰ ነው። ጅማቱን የሚሠራው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን በእርጥብ ሙቀት ረጅም ሰዓት ሲቆይ ይሟሟና ጄላቲን ይሆናል፤ የታፋ ሥጋ ሲበስል የሚለሰልሰውና የሚያጣብቀው በዚህ ነው። ፈረሰኛው ብዙ የሚሟሟ ኮላጅን ስለሌለው በቆየ ቁጥር ውሃውን እየጣለ ይደርቃል። ሁለቱን በአንድ ድስት፣ በአንድ ሰዓት መቀቀል ማለት አንዱን ለሌላው መሠዋት ነው። የበዓሉ ወጥ ይህን ችግር በቁሌቱ ብዛት ይሸፍነዋል። ትንሹ ቤት መሸፈን አያስፈልገውም፤ ሊለያቸው ይችላል።

ቀኑን በተመለከተ ለአብዛኛው ኦርቶዶክሳዊ ቤት ሰሌዳው ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ የፍስክ ምግብ አይበላም። ቅዳሜ የታረደ ዶሮ ለመብላት እሑድን፣ ሰኞንና ማክሰኞን ያገኛል። የበሰለ ዶሮ በፍሪጅ የሚቆየውም ከሦስት እስከ አራት ቀን ነውና ሁለቱ ገደቦች ሳይነጋገሩ ተስማምተዋል። ጥሬው ደግሞ በፍሪጅ ከአንድና ከሁለት ቀን በላይ ባይቆይ ይመረጣል። ስለዚህ እሑድና ሰኞ የማይሠራ ብልት ሁሉ ቅዳሜ ማታውኑ ፍሪዘር መግባት አለበት፤ ተቆርጦ፣ ለአንድ ማዕድ በሚበቃ መጠን በየከረጢቱ ተከፍሎ፣ ቀኑ ተጽፎበት። ሙሉ ዶሮ ማቀዝቀዝ ለትንሽ ቤት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ቅልጥም ሲፈለግ ሁሉም መቅለጥ ይኖርበታል፤ የቀለጠ ጥሬ ሥጋን መልሶ ማቀዝቀዝ ደግሞ ጣዕሙን ያበላሻል። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች የቆየ ጥሬ ብልት ለወራት ደህና ይሆናል። ለዐቢይ ጾም ቅበላ ተገዝቶ የተረፈ ዶሮ 55 ቀኑን ተሻግሮ ለፋሲካ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው፤ መብራቱ ካልከዳ። ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ቤት የረቡዕ አጥር የለበትም፤ የፍሪጁ አራት ቀን ግን ለማንም አይራዘምም።

የመጀመሪያው ማዕድ ወጥ ነው፤ ለወጡ የሚያስፈልጉት ሁለቱ ታፋዎችና ሁለቱ ቅልጥሞች ብቻ ናቸው። ለአራት ብልትና ለአራት እንቁላል 1 ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት ይበቃል። ሽንኩርቱ በደቃቁ ተከትፎ ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ፣ በለስላሳ እሳት ሲቁላላ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እዚህ ላይ መቸኮል የወጡን ነገር ያበላሸዋል፤ ሽንኩርቱ ውሃውን ጥሎ፣ ስኳሩ ወጥቶ፣ ቅርጹ እስኪጠፋ ካልቆየ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል። ዘይትና በርበሬ ከገባ በኋላ ትንሽ ትንሽ ውሃ ጠብ እየተደረገ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የሚከተሉት ከዚያ ነው።

ቅቤውና ሥጋው ከመግባታቸው በፊት ግን አንድ ነገር መደረግ አለበት፤ በትንሽ ቤት አሠራር ውስጥ ከሁሉም የሚያዋጣው ይህ ነው። ሽንኩርቱ ከመጀመሪያው 2 ኪሎ ይደረጋል፤ ቁሌቱ በዘይት ብቻ ሲበስል ግማሹ ወደ ሌላ ዕቃ ይቀዳል። ይህ ቁሌት ቅቤም ሥጋም ስላልነካው የጾም ነው። ረቡዕ ምስር ቢጨመርበት ምስር ወጥ፣ ድንች ቢጨመርበት ድንች ወጥ ይሆናል፤ በፍሪዘር ከቆየም ለሚቀጥለው ዶሮ ይጠብቃል። የሁለት ሰዓት ማማሰልና የሁለት ሰዓት እሳት ለአንድ ድስት ብቻ መዋሉ ብክነት ነው፤ 1 ኪሎ ሽንኩርትና 2 ኪሎ ሽንኩርት ለማቁላላት የሚወስዱት ጊዜ ያን ያህል አይራራቅም።

በድስቱ በቀረው ቁሌት ላይ የተነጠረ ቅቤና ብልቶቹ ይገባሉ። የፈረንጅ ዶሮ ታፋ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል፤ የሀበሻ ዶሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ አሮጊቷ ደግሞ ከዚያም ትብሳለች። ስለዚህ በፈረንጅ ዶሮ የሚሠራ ሰው ቁሌቱን ጨርሶ አብስሎ ሥጋውን መጨረሻ ላይ ማስገባት አለበት፤ የሀበሻውን ዶሮ ልማድ ይዞ ቀድሞ ካስገባው ሥጋው ከአጥንቱ እየወለቀ ወጡ ውስጥ ይበተናል። የበሰለ ዶሮ ከአጥንቱ አጠገብ ሮዝ ቀለም አይታይበትም፤ የሥጋ ቴርሞሜትር ያለው ቤት 74 ዲግሪ መድረሱን ያረጋግጣል። መከለሻው፣ ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማው፣ ሊወርድ ሲል ይነሰነሳል፤ ተቀቅሎ የተላጠው እንቁላልም በዚያን ጊዜ ይገባል።

እሑድ ምሳ ላይ ሁለት ሰው ሁለት ብልትና ሁለት እንቁላል ይበላል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ለሰኞ ያድራሉ። ድስቱ ሥር የሚቀረው ወጥ ግን ብልት ባይኖረውም ማዕድ ነው። ሥጋና አጥንቱ ውስጡ የበሰለበት ቁሌት ሌሊቱን ሲያድር ይጠልቃል፣ ጄላቲኑም ያጣብቀዋል። ጠዋት በትንሽ ውሃ ተሞቆ የደረቀ እንጀራ ሲፈረፈርበት የዶሮ ፍርፍር ይሆናል፤ አይብ ወይም እርጎ ከጎኑ ከተገኘ ቁርስ ብቻ ሳይሆን ምሳም ይተካል። ሦስት ቀን የሰነበተ እንጀራ ከትኩሱ የሚሻልበት ጥቂት ቦታ አለ፤ አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ብልት ፈረሰኛው ነው፤ ከወጡ መነጠሉ የሚክሰው እዚህ ላይ ነው። ሥጋው ከጭረቱ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ጣት በማይሞላ ውፍረት ተቆርጦ በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥቂት ሎሚ ለግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ምጣዱ በጣም ሲግል ሥጋው በሁለት ዙር ይገባል፤ አንድ ላይ ከታጨቀ ውሃው ይወጣና መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል። አራትና አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ከዚያ ወጥቶ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያውና የጥብስ ቅጠሉ ለብቻ ይጠበሱና ሥጋው ይመለስባቸዋል። ከአንድ ዶሮ ፈረሰኛ ግማሹ ለሁለት ሰው ጥብስ ይበቃል። ቀሪው ግማሽ በርበሬ ለማይበላ ሰው፣ ለሕፃን ወይም ጨጓራውን ለሚያመው፣ አልጫ ይሆናል፤ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ጥቂት ቅቤና ድንች። የአልጫው ድንች ሥጋው ከመግባቱ በፊት ሊበስል እስኪቃረብ መጠበቅ ነው፤ አብረው ከገቡ ድንቹ እስኪበስል ፈረሰኛው ይደርቃል። ጉበቱና ልቡ በዚሁ ቀን በሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሰው ለአንድ ሰው ቁርስ ይሆናሉ። ጉበት ቶሎ ስለሚበላሽ ለነገ ማለት አያስፈልግም።

ክንፉ፣ ጀርባው፣ አንገቱ፣ የደረቱ አጥንትና ጨጓራው ወደ መረቅ ይሄዳሉ። ብዙ ቤት የሚጥለው ቅርፊት ያለው የታችኛው እግርም እዚህ ውስጥ ቢገባ መልካም ነው፤ በፈላ ውሃ ነክሮ ቅርፊቱን መላጥና ጥፍሩን መቁረጥ ብቻ ነው ሥራው። ሥጋ የለውም፤ ጄላቲን የሚሰጠው ግን ከሌሎቹ ብልቶች ሁሉ በላይ ነው። ለማየት ደስ የማይለው ሰው ቢተወው መረቁ ይቀጥን ይሆናል እንጂ አይበላሽም። ጉበት አይገባም፤ መረቁን ያደፈርሳል፣ ያመራል።

አጥንቱ 700 ግራም ከሆነ 2 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ይደረግበታል። ከቀዝቃዛ መነሳቱ ምክንያት አለው፤ ውሃው ቀስ እያለ ሲሞቅ ከሥጋውና ከደሙ የሚወጣው ፕሮቲን አረፋ ሠርቶ ላይ ይንሳፈፋል፣ በጭልፋም ይገፈፋል። አረፋው ካለቀ በኋላ እሳቱ ዝቅ ይላል። ድስቱ ዳር ዳሩ ብቻ አልፎ አልፎ ቡልቅ ማለት አለበት፤ ከተንተከተከ ስቡ ከውሃው ጋር ይናወጥና መረቁ ይደፈርሳል፣ አፍም ላይ ይከብዳል። ለሁለት የተከፈለ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮት፣ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴ ጫፍ፣ የዝንጅብል ቁራጭ፣ ጥቂት ፍሬ ቁንዶ በርበሬና አንድ የተፈነከተች ኮረሪማ ይበቁታል። ጨው የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ መረቁ ለምን እንደሚውል ከታወቀ በኋላ ነው፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ጨው ብቻውን ስለሚቀር አስቀድሞ የጨመረ ሰው ይጸጸታል።

ለፈረንጅ ዶሮ አጥንት ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ ለአሮጊቷ አራት ሰዓትም አይበዛም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃዋ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ኮላጅን የሚሟሟበት ፍጥነት ከሙቀቱ ጋር ስለሚሄድ በደጋ የሚሠራ ሰው በቆላ ወይም በባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው የተጻፈን የማብሰያ ሰዓት እንዳለ መውሰድ አይችልም፤ ይጨምርበታል። ፕሬዠር ኩከር ይህን ልዩነት ያጠፋዋል። በውስጡ ግፊቱ ሲጨምር የመፍያው ሙቀት ከ100 ዲግሪ ይበልጣል፤ የሦስት ሰዓት ሥራ ከአንድ ሰዓት በታች ይወርዳል፤ የኤሌክትሪኩም ሆነ የጋዙ ወጪ እንዲሁ።

ስለ አጥንት መረቅ የሚወራው ሁሉ እውነት አይደለም። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ሲጨመርበት ካልሲየሙ ይወጣል ቢባልም የሚወጣው መጠን ከአንድ ብርጭቆ ወተት ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ጉንፋን የያዘው ሰው ትኩስ የዶሮ ሾርባ ሲጠጣ የሚቀለው ሙቀቱ፣ ፈሳሹና ጨው ስለሚረዱት ነው፤ መድኃኒት ሆኖ አይደለም። የመረቁ እውነተኛ ዋጋ በወጥ ቤቱ ነው፤ የገባበትን እህል ሁሉ ያጣፍጣል።

መረቁ ከተጠለለ በኋላ አጥንቱ ላይ ብዙ ሥጋ ይገኛል። ከጀርባው ሁለት ጎን ካሉት ጉድጓዶች፣ ከአንገቱና ከክንፉ በእጅ የሚለቀም ሥጋ አንድ ሲኒ ተኩል ያህል ሊሆን ይችላል። ለብ እያለ መልቀም ይቀላል፤ ከቀዘቀዘ ይጣበቃል። ይህ ሥጋ ጣዕሙን ለመረቁ ስለሰጠ ብቻውን አይቀርብም፤ ቅመም ይፈልጋል። ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር ተጠብሶ ሳምቡሳ ውስጥ ቢገባ፣ በቲማቲም ስልስ ማካሮኒ ላይ ቢፈስ፣ ወይም በሎሚና በዘይት ተለውሶ ዳቦ ውስጥ ቢሆን ማንም የመረቅ ትርፍ መሆኑን አይለይም። በረመዳን ሾርባውና ሳምቡሳው በአንድ ገበታ ለማፍጠሪያ በሚቀርቡበት ቤት ሁለቱም ከአንድ አጥንት ሊወጡ ይችላሉ።

የመረቁ የመጀመሪያ አገልግሎት ሾርባ ነው፤ በካሮት፣ በድንችና በአንድ እፍኝ አጃ ወይም ገብስ። አጃው መረቁን ያወፍረዋል፣ ሆድም ይይዛል። ከዚህ የሚሻለው ግን ቅንጬ ነው። ቅንጬ በውሃ ሲበስል ጣዕሙ ሁሉ በቅቤው ላይ ይንጠለጠላል፤ በዶሮ መረቅ ሲበስል ቅቤው በግማሽ ቢቀነስ አይታወቅም። ሩዝም እንደዚያው፤ ለአንድ ሲኒ ሩዝ ሁለት ሲኒ መረቅ፣ የተለቀመው ሥጋ ከላይ። በፍስክ ቀን ሽሮ በመረቅ ቢበጠበጥ ቦዘና ሽሮን የሚወድ ሰው ቅሬታ አይኖረውም። የተረፈው መረቅ ሰፋ ባለ ድስት ተከፍቶ ሲፈላ ወደ ሩብ ይወርዳል። በበረዶ መሥሪያ ቅርጽ ተከፍሎ ከቀዘቀዘ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ድስት ወጥ ያጣፍጣል፤ ሱቅ የሚሸጠውን የመረቅ ኩብ ከነጨው ብዛቱ ለመተው ይህ በቂ ነው። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ዕቃው ላይ «የፍስክ» ብሎ መጻፍ፤ የቀዘቀዘ መረቅና የቀዘቀዘ የጾም ሾርባ በዓይን አይለዩም።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ሱፐርማርኬት የሚገዛ ሙሉ ዶሮም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ አንገቱ፣ ጨጓራው፣ ልቡና ጉበቱ ብዙ ጊዜ በትንሽ ከረጢት ተደርገው ሆዱ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሳያወጣ ምድጃ ውስጥ የሚከት ሰው ጥቂት አይደለም። አጥንት አልባ ፈረሰኛ ለብቻው ከሙሉው ዶሮ በኪሎ በጣም ስለሚወደድ ቢላዋ መያዝ የሚችል ሰው የሚያተርፈው እዚያ ላይ ነው። ተጠብሶ የሚሸጠው ዶሮም ቢሆን ሥጋው ከተበላ በኋላ አጥንቱ መረቅ ይሰጣል፤ መልኩ ጠቆር፣ ጣዕሙ የጥብስ ጥብስ ይላል፤ ለሽሮ ተስማሚ ነው።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በማቀዝቀዝ ሥርዓት ላይ ነው። ባክቴሪያ በ5 እና በ60 ዲግሪ መካከል በፍጥነት ይራባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ የሚመክረው ለዚህ ነው። ትልቅ ድስት መረቅ ከነክዳኑ ካደረ መሐሉ እስከ ንጋት ለብ ብሎ ይቆያል፤ ይህ በጣም የተለመደ፣ በጣም የሚያስፈራ ልማድ ነው። ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ይከፈል፣ ድስቱ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ገንዳ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከዚያ ፍሪጅ ይግባ። ሲሞቅ እስኪፈላ፣ መሐሉ ድረስ እስኪግል ይሞቅ፤ የሚሞቀውም ለዕለቱ የሚበላው ብቻ ይሁን፤ ድስቱን በሙሉ በየቀኑ ማሞቅ ሥጋውንም ያደርቃል፣ አደጋውንም ይጨምራል። መብራት ሲጠፋ በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን 4 ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነው 24 ሰዓት። ባዶ ቦታውን በውሃ ጠርሙስ መሙላት ስለዚህ ከንቱ ሥራ አይደለም። ከዚህ በላይ የቆየ ዶሮ ባይሸትም ይጣል።

መጨረሻ የሚቀሩት ቆዳው፣ ስቡና የተቀቀለው አጥንት ናቸው። ለወጥ የሚገፈፈው ቆዳ ተከትፎ በትንሽ ውሃ፣ በለስላሳ እሳት ሲቆይ ስቡን ይጥላል፤ ስቡ ተጠልሎ በፍሪጅ ይቆይና ድንች ወይም ሽንኩርት ይጠበስበታል፤ ጥርት ብሎ የቀረው ቆዳ በጨው ይበላል። መረቅ ቀዝቅዞ ላዩ ላይ የሚረጋው ስብም ለዚሁ ይውላል፤ እስኪወሰድ ድረስም መረቁን ከአየር ይሸፍነዋል። አጥንቱ አንዴ ከተቀቀለ ለሁለተኛ ጊዜ የሚሰጠው ቀጭን ውሃ ነው፤ ሩዝ ለመቀቀል ካልሆነ አይደክሙበትም። ለውሻ አይሰጥም፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ ስንጥር እየሾለ ስለሚሰበር ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።